የሐኪም ወልደሐና አንቱታ

ስመ ጥር ሙታን በየዐሥር ዓመቱ በምሁራን ይመዘናሉ፤ የወደቀውን ልጁም ብትሆን «እሱ» ትለዋለች፤ ሕግ ነው። ዘንድሮ ሐኪም ወልደሐና ወደ «እሳቸው» ተመለሱ። ከዐሥር ዓመት በፊት የጣሏቸው ዶክተር ጌትነት ዛሬ ከሟቹ ልጅ ከትርንጎ ማዕድ ቀርበው፣ ቅባቱ በጣታቸው እየወረደ፣ ዶሮ ይግጣሉ።

«እሳቸው እኮ ሊቅ ነበሩ!» አሉ ዶክተሩ።

«ያኔ ‹መድኃኒት ሰርቋል› ብለው ጽፈው አልነበር?» አለች ትርንጎ።

«ያኔ ማስረጃው እንዲያ ይል ነበራ! ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ እናያለን።» ሳቁና አጥንቱን መጠጡት።

ትርንጎ ሳህኗን ገፋች።

«በሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ አባትዎን በክብር ያንሷቸው» አሏት ዶክተሩ።

ተነሣች። ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዞረች።

«አባቴ… ደግ ሰው ነበር።»

«ነበሩ!» ብለው አረሟት።

ደግማ ሞከረች። ምላሷ አሁንም «ነበር» አለ። ምራቋን በመሐረቧ ተፋች፤ ከሰውየው ይልቅ የገዛ አፏ ቀፈፋት።