ሰማያዊ ጠመኔ

ዕቃ በወሩ ውስጥ አብዝቶ የነካው ሰው ንብረት ይሆናል የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ የስፌት ዕቃዬን ከትብለጥ ጋር በምንጋራው ሳሎን መስኮቱ ሥር ደረደርኩት። መኪናው መሃል፣ ክሩ በየቀለሙ መደርደሪያው ላይ፣ መቀሱ ምስማር ላይ። ጠዋት ጠዋት አንድም ሳልዘል ሁሉንም እነካለሁ።

ትብለጥ ቁልፍ መትከል እንኳ አታውቅም። ታዲያ በመኪናዬ በኩል ስታልፍ ለምን ቀስ ትላለች? ሻይ ስሰጣት ስኒዬን በመሀረብ ነው የምትይዘው። ጨዋ ለመምሰል ነው እላለሁ።

ትናንት ማታ ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ፈጭቼ የመኪናውን መዘውር ቀባሁት። ዛሬ ጠዋት ጠራኋት።

«እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ትክ ብላ አየችኝና ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። ንጹሕ ናቸው።

«ታጥበሻል!» አልኳት።

«እትዬ ዘርፌ፣ ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንደጠፋ አያውቁም?»

እሷም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን የእናቷን መስታወት አውርዳ ፊቴ አቆመችው። ክፈፉ ላይ አምስት ሰማያዊ የጣት አሻራዎች ተሰልፈዋል።

«ይሄስ የማን ጣት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ጠዋት ጠዋት የራሴን ዕቃ ነካክቼ ስጨርስ፣ መጨረሻ ላይ የምነካው መስታወቱን ነበር።