የቤተ መጻሕፍቱ ስዊች

የኔትወርክ ባለሙያዋ ብሌን ጠዋት ጠዋት አንዲት አጭር ፕሮግራም ታስነሳለች። በዲላው ኮሌጅ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉት ስዊቾች ያሉበትን ቦታና የኃላፊያቸውን ስም ይመልሱላታል።

«የባልደረባችንን የታረቀኝን ለቅሶ ደረስሽ እንዴ? ድንኳኑ ውስጥ አላየሁሽም» አሏት አለቃዋ ጋሽ ፈድሉ፣ ከኋላዋ ቆመው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ በባጃጅ ሄጄ ደረስኩ፣ ጋሼ።»

አልሄደችም ነበር። ዓይናቸውን ማየት ስላፈረች ወደ ስክሪኑ ዞረች። የቤተ መጻሕፍቱ ስዊች አሁንም ኃላፊዬ ታረቀኝ ነው ይላል። የሟቹን ስም አጥፍታ የራሷን ጻፈችና እንደገና ጠየቀችው።

መለሰላት። ጋሽ ፈድሉ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ኃላፊ፦ ታረቀኝ። ቦታ፦ ድንኳኑ ውስጥ፣ ብሌንን እየጠበቅኩ።»