የጋራዡ መብራት

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ቀራንዮ ላይ በኤሌክትሪክ የሚከፈት የጋራዥ በር የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሰፈሩ ገና በኩራዝ ሲያመሽ፣ ያ ከአሜሪካ የመጣ በር ቁልፉን ሲጫኑት እያጓራ ሽቅብ ይወጣል። በሩ ሲከፈት አብሮ የሚበራው መብራት ግን በእርጅና እምቢ አለ። ሊሠራው ቦሩ መጣ።

የተጠራው እንኳ ሌላ ሠራተኛ ነበር። ቦሩ ለምኖ ነው ሥራውን የተቀበለው።

ዘበኛው ባጫ መሰላሉን ያዘለት።

«ቤቱን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«ባለቤቱን ነው የማውቃቸው። ከዚህ ግቢ ያስወጡኝ ጥርስ ሳላበቅል ነው።»

ባጫ ከንፈሩን መጠጠ። እሱንም ከሚያርሰው መሬት አስነስተው ነው ዘበኛ ያደረጉት። ሽጉጥ ከጎናቸው አይለይም፤ ጭሰኛ ሲያባርሩ ዓይናቸውን አያሹም።

«አገሩን በሙሉ አይደል እንዴ ያፈናቀሉት!»

«ከእኛ ቤት ግን እኔን ብቻ ነው» አለ ቦሩ።

አምፖሉን ሞከረው። እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብሎ ቀረ።

«ይቺን ማን አስገባት?»

«እኔ ነኛ! ከሱቅ ገዝቼ።»

«ጋሼ ባጫ፣ ማሽኑ የአሜሪካ ነው። ጉልበቱ ለእኛ አምፖል አይበቃም።»

ይዞት የመጣውን የአሜሪካ አምፖል አስገባ። ቦግ አለ። በሩ ሲንቀጠቀጥ ግን መልሶ ጠፋ። ቦሩ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ዘጋና፣ አምፖሉ የሚገባበት ውስጥ ተጣብቃ የቀረችውን የናስ ምላስ በካቻቢቴ ቀና አደረጋት።

«ምን አስጨነቀህ? በጨለማም ይገባሉ እኮ» አለ ባጫ።

«በጨለማ አይጥመኝም። ፊቴን ማየት አለባቸው።»

ቦሩ ወርዶ ቆጣሪውን መልሶ ከፈተ፤ በሩ ሥር የጭድ ጆንያ አስቀመጠና ቁልፉን ተጫነ። በሩ ወርዶ ጆንያውን እንደ ቂጣ አደረገው።

«ሰው ቢሆንስ ኖሮ?»

«ሰውማ ይጮኻል።»

«በል አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አይሞከርም! ካህንና ሽማግሌ ይዘው ነው የሚመጡት። ወራሽ የላቸው፤ መሬቱን ሁሉ ለደብሩ ሊናዘዙ ነው።»

«ዛሬን የመረጥኩት ለዚሁ ነው» አለ ቦሩ። ካቻቢቴውን ጨብጦ ቁልፉ አጠገብ ቆመ። «ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍትላቸው።»

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ክላክስ ተሰማ። ባጫ አማተበ። መሮጥ ፈለገ፤ ደግሞ መሬቱ ትዝ አለውና እግሩ እምቢ አለ። «እንግዲህ እኔ አላየሁም» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

በሩ እያጓራ ወጣ። መብራቱ ቦግ ብሎ ጋራዡን ቀን አስመሰለው። መኪናው ገብቶ በሩን አልፎ ቆመ። ቦሩ ወደ ኋላው መስኮት ሄደ። ካህኑ የቦሩን ፊት አዩ፤ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ባለርስት ዞሩ፤ እንደገና ቦሩን አዩ።

«ማነህ አንተ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«መብራትሽን ሠራሁልሽ፣ እማዬ።»