ላሊ ያለበት መርከብ

መርከቡ ምቶንዶ መንደር ፊት ለፊት አሸዋ ላይ የወጣው ከአንድ ክፉ ማዕበል በኋላ ነው። ሲሚንቶ የጫነ አሮጌ መርከብ ነበር። ሞተሩ ጠፋበት፣ ማዕበሉ ገፋው፣ እዚያው ተቀመጠ። ውሃው ሲሸሽ ሰው በእግሩ ሄዶ ሆዱን መንካት ይችላል።

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ፋማው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። በዚያ ጠረፍ ባሕር የጣለው ነገር ላነሣው ሰው ነው። የሳቸው ቤት በር ራሱ ከተሰበረ መርከብ ሳንቃ የተሠራ ነው።

«ማንም እንዳይነካው» አሉ። «የደቡቡ ነፋስ ሲነሣ እሱው ይሰብረዋል። ያኔ ገመዱም ናፍጣውም የኛ ነው።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ወንዶቹ መርከቡን ገና ሳይሰበር በአፋቸው ተከፋፍለው ጨረሱት። ውስጡ ስላሉት መርከበኞች ያነሣ አልነበረም። ባለቤቱ ስልኩን ዘግቷል፤ ፖሊስ ደግሞ ጉዳዩ እስኪጣራ ማንም እንዳይወርድ፣ ማንም እንዳይወጣ ከልክሏል። ካፒቴን ዳያል ጠርዙ ላይ ቆሞ ነጭ ጨርቅ ሲያውለበልብ፣ ሰዎቹ መረባቸውን እየጠገኑ ያዩታል። ያሳፍራል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ወሬውን ያመጣው ኮምቦ ነው። ኮምቦ ጀልባ ነጂ ነው፤ ለመርከቡ ውሃ እንዲያደርስ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር።

«ላሊ እዚያ ላይ አለ» አለ።

ላሊ የቢ ዙዌና አንድ ልጅ ነው፤ መንደሩ እናቱን «ቢ» እያለ ያከብራታል። በመርከብ ሥራ ከወጣ ቆይቷል። እናቱ በዚያ ሰሞን የልጇን ወሬ ልትጠይቅ ላሙ ወደምትባለው ከተማ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ ከቤት አትወጣም ነበር።

የሼህ ፋማው ፊት ጠቆረ። የጠረፉ ሕግ ሌላም ወገን አለው። የመንደሩ ልጅ የተሳፈረበት መርከብ የመንደሩ መርከብ ነው። አይዘረፍም፤ ይጎተታል።

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ሞተር ቤት ነው የሚሠራው፣ ሼህ።»

«ማልልኝ።»

ኮምቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቱን አይጠይቋትም?»

ሲሄዱ ቢ ዙዌና በሯ ላይ ቆማ ነበር። «የእናት ልጅ ነው» አለች። «አውጡልኝ።»

ከዚያ በኋላ ምቶንዶ እረፍት አላወቀችም። ውሃው ሲሸሽ ወንዱም ሴቱም ከመርከቡ ሥር አሸዋ ይዝቃል። ሲመለስ ጀልባዎቹ ተጠግተው ከላይ በገመድ የሚወርደውን ሲሚንቶ ይቀበላሉ። መልሕቁን በሁለት ጀልባ ወደ ጥልቁ ወስደው ጣሉት፤ መርከቡ ገመዱን እየጠቀለለ ራሱን እንዲጎትት። ጨረቃ ሞልታ ውሃው ከፍ ሲል ሞከሩ። ገመዱ ተበጠሰና የሼህ ፋማውን የወንድም ልጅ ክንድ ሰበረው።

«ላሊን ብለን ነው» አሉ ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው።

ቢ ዙዌና በየቀኑ ሩዝ በኮኮናት ወተት ትሠራለች። ድስቱ ለሠርግ የሚሆን ነው።

«ላሊ ይህን ሁሉ ብቻውን ይጨርሰዋል?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ባሕር ያስርባል።»

ድስቱን የሚያደርሰው ኮምቦ ነው። ሁልጊዜ ባዶውን ይመልሰዋል።

«ኮምቦ፣ ቦርጭ አወጣህ እኮ! የሚበላው ላሊ ነው አንተ?» ይሉታል ወጣቶቹ። መጀመሪያ ይሳቅ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ። ከጀልባ ላይ ሆነው «ላሊ!» ብለው ሲጣሩ፣ ከመርከቡ ክብ መስኮት አንድ እጅ ይውለበለባል።

«እጅማ ማን የሌለው አለ?» አለ አንዱ።

ቢ ዙዌና አንድ ቀን እንኳ ወደ ባሕሩ አልወረደችም። ኮምቦ ሲመለስ «የታመመው ተሻለው?» ትላለች፤ ሌላ አትጠይቅም። ከዚህ ተነሥቶ ላሊ ታሟል ተባለ። ሴቶቹ ዱዓ አደረጉ፤ ወንዶቹ ኮምቦን በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር። የድሀ እናት ድስት እየበላ ከሆነ፣ ዋ!

ጨረቃ ጠፍታ ውሃው ዳግም ከፍ ባለበት ጠዋት ነፋሱ ከደቡብ መጣ። የመጨረሻው ዕድል ነበር። ገመዱ ተወጠረ፣ ጮኸ። መርከቡ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ከዚያ ጎኑን አዙሮ ተንሳፈፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሼህ ፋማው አለቀሱ፤ ናፍጣውንም ገመዱንም ረስተውታል።

ካፒቴን ዳያል ከፖሊስ ፈቃድ አግኝቶ ሊያመሰግን ወረደ። በዚያ ጠረፍ ብዙ ዘመን ስለነገደ ቋንቋውን ይችላል። የሽማግሌውን እጅ ይዞ አልለቅ አለ።

«ምስጋናው ይቆየንና ልጃችንን አውርድልን» አሉት ሼህ ፋማው። «ላሊን።»

«ላሊ ማን ነው?»

ሰዉ ወደ ኮምቦ ዞረ።

«ሞተር ቤት የሚሠራው!» አሉ ሽማግሌው።

«እዚያ የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ያገሬ ልጆች። ላሊ የሚባል ሰው የለኝም» አለ ካፒቴኑ። «ያ ሩዝ ባይኖር እነሱም አይተርፉም ነበር።»

ክንዱ የተሰበረው ወጣት በደህና እጁ የኮምቦን አንገት አነቀ። «ውሸታም! እናት ላይ ትቀልዳለህ?» ኮምቦ አልተከላከለም። ከሰዉ ኋላ ወደቆመችው ሴት ብቻ አየ። ቢ ዙዌና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕሩ ወርዳለች።

«ልቀቀው» አለች። «ላሊ እዚያ አለ በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አሉ ሼህ ፋማው። «ታዲያ ልጅሽ የት ነው?»

«ላሊ ያለበት መርከብ ሌላ አገር አሸዋ ላይ ተቀምጧል» አለች። «የዚያም መንደር ሰዎች እስኪሰበር እየጠበቁ ነው።»