የዓባይ ቁልቁለት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ወጣቷ ስትጀምር የብስክሌቷን ፍሬን ሁለቴ ጨብጣ ሞከረች። ከሌሎች ጋር ብስክሌት የምትነዳው ማዳጋስካር ድረስ ሄደው የድሃ ልጆችን ጥርስ በነፃ ለሚያክሙ ሐኪሞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ ከኋላዋ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ። መሀል ላይ ፍሬኑ አልይዝ አላት። እመብርሃንን እየጠራች ቁልቁል ተምዘገዘገች።

ድልድዩ ጋ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ስትቆም ዶክተር ስንሻው ሮጠው ደገፏት። ጉዞውን ያዘጋጁት፣ ማዳጋስካርም የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

«አንቺስ ጀግና ነሽ። ወንዶቹ እንኳ ፈርተው ብስክሌታቸውን እየገፉ ነው የሚመጡት» አሏት።

ለማመስገን አፏን ስትከፍት ጠጋ ብለው አሸተቱ።

«ቅርንፉድ ነክሰሻል። የትኛው ጥርስሽ ነው ያመመሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ዶክተር።»

«መሣሪያዬ መኪናው ውስጥ ነው፤ አሁኑኑ ነቅዬ እገላግልሻለሁ።»

ጓንታቸውን አጥልቀው ሲመለሱ የለችም።

ብስክሌታቸውን እየገፉ የሚወርዱት ወንዶች ዳገቱ መካከል ላይ አገኟት። ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ወደ ኋላዋ እየተገላመጠች ሽቅብ ትወጣለች።

«ምነው?» አላት አንዱ፣ የራሱን ብስክሌት ወደ ላይ እያዞረ። «ድልድዩ ፈረሰ እንዴ?»