ያልተሰካው ቡፈር

ቃለ አብ የሊማሊሞን ገደላማ መንገድ ወርዶ አዲ አርቃይ ሊሄድ ሲል፣ ደባርቅ ካለው የመኪና ቴፕ መግጠሚያ ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቆመ።

"የቡፈሩ ቤዝ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ወደኔ አይመጣም" አለኝ።

የዘንድሮ ሹፌር መቼም ጆሮው አይጠግብም! ድምፁ እንዲያልፍ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለውን ካርቶን ቀደድኩለት።

ነቅዬው የነበረውን የቡፈሩን ሽቦ ገና መልሼ ሳልሰካው፣ በቀዳዳው በኩል ድም፣ ድም የሚል ድምፅ መጣ። ልቅሶ ላይ ሴት ደረቷን ስትመታ እንደሚሰማው፣ ዝግ ያለ ነው።

የቃለ አብ ፊት አመድ መሰለ።

"አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ እንዲህ ነበር ደረቷን የምትመታው።"

እናቱን አምና ቀብረናል።

"አሁን ለማን ነው የምታለቅሰው?" አለኝ።

ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ። ሙሾ ታወርዳለች።

"ቃለ አብዬ፣ ምነው ሊማሊሞን ባልወረድክ!"