የጓሮዋ ክፍል ብርድ ልብስ

እትዬ ሥርጉት የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉትን ቤታቸውን ግብር አምና የከፈሉት አምባራቸውን ሸጠው ነበር። ዘንድሮ ደረሰኞቻቸውን በፌስታል አጭቀው ሂሳብ ሠራተኛ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ከግብር የሚቀነሰውን ወጪ፣ የአንሶላውን፣ የሳሙናውን፣ የመብራቱን፣ እየለየ ጽፎ ብርድ ልብስ የተገዛበት ደረሰኝ ላይ ሲደርስ እጃቸውን ጫኑበት።

«ይሄ የጓሮዋ ክፍል ነው፤ ይቅር።»

«ለምን? እሷስ የእንግዳ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ከሐይቁ ደሴቶች ገዳማት ለሕክምና የሚሻገሩ መነኮሳት ያድሩባታል። አላስከፍላቸውም።»

«ለሚከራዩት ክፍሎች እንደተገዛ አድርጌ ልጻፈው፣ እትዬ? ግብሩ ይቀልልዎታል። ማን ያውቃል?»

እትዬ ሥርጉት ደረሰኙን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ለእግዜር ያበደርሁትን መንግሥት ከመለሰልኝ፣ ኋላ እሱን ምን ብዬ ልጠይቀው ነው?»